ጽዋው የዘለለኝ ዓመት

አምና ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ነው። በማርያም ማኅበራችን አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ ለእያንዳንዳችን በዓመት አንድ ወር ይደርሰናል። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትጋግራለች፣ የንስሐ አባታችን የሆኑት ቄስ መጥተው ይባርካሉ፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። እሷ እስከ ወሯ ድረስ ቤቷ ታስቀምጠዋለች። ጽዋው ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ አፉ አንድ በኩል ተሸርፏል። እናቴም ይዛው ታውቃለች።

የኔ ወር ኅዳር ነው። አዲሱ ገብስ የሚወቃበት፣ ጠላው በአዲስ እህል የሚጠመቅበት ወር። ጾም ስለሚሆን ወጡ ሽሮ ነው፤ ቢሆንም ከአሥራ ሁለቱ ወር እንደ ኅዳር ጽዮን የሚወደድ የለም። ከእናቴ የወረስኩት ይህንን ወር ብቻ ነው። መሬቱን ወንድሞቼ ተካፈሉት።

ያን ቀን ነጠላዬን አስተካክዬ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። የማኅበሩን መሪ ሙሴ እንላታለን። ሙሴያችን ጎረቤቴ ናት፤ ቤቷ ከቤቴ ቁልቁል ነው፤ የመጨረሻ ልጆቻችንን በአንድ ወር ነው የወለድነው። ጽዋውን አነሣች፣ ወደኔ መጣች፣ ፊቴ ደርሳ አለፈችኝና ከጎኔ ለተቀመጠችው ለታኅሣሥ ተረኛ ሰጠቻት።

«የኔ ተራ ነው» አልኩ።

«ዐውቃለሁ እህቴ» አለች። «ደክመሻል ብለን ነው። የንስሐ አባታችንም ትረፍ ብለዋል። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እመቤቴ ታውቅልሻለች።»

«ደከመኝ ብዬ ማንን ነገርኩ?»

«ኧረ አትቆጪ! ላንቺው ብለን እኮ ነው።»

ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። የታኅሣሥ ተረኛዋ ጽዋውን አቅፋ ከጎኔ ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ የነጠላዋን ጫፍም ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ያኔ ገባኝ። ድካሜን አይተው አልነበረም። ሽታዬ ነው።

እጆቼ ገና እንደተዘረጉ ነበሩ። አጥፌ ጭኔ ላይ አኖርኳቸው። ተነሥቼ ስወጣ ማንም ተቀመጪ አላለኝም።

በሽታዬ የማህፀን መውረድ ይባላል። ስሙን ያወቅሁት ከያዘኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስም የሌለው ነገር ተሸክሜ ኖርኩ።

አምስተኛና የመጨረሻ ልጄን በወለድኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ኅዳር ነበር፤ የታጨደው ገብስ ሜዳ ላይ ተኝቷል። ያለ ወቅቱ ደመና መጣና ሰማዩ ጠቆረ። ያ ደመና የማንንም ማሳ አልመረጠም፤ መንደሩ ሁሉ ነዶ ለማንሣት ወጣ። እኔ አራስ ነኝ፤ አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም። አማቴ ግን በር ላይ ቆመው «እኛም እንዲህ ነው ያሳደግናቸው፤ የወለደ ሁሉ ከተኛ ልጁ ምን ሊበላ ነው?» አሉኝ። ተነሣሁ። ነዶ በጀርባዬ ተሸክሜ ከማሳ ወደ አውድማ ተመላለስኩ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላስታውስም፤ ታቼ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። የወደቀ ነገር ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ መሬቱን አየሁ። ምንም አልነበረም። የወደቀው እኔው ውስጥ ነበር።

ማታ ለአማቴ ነገርኳቸው። «የሴት ነገር ነው፤ ቻይው» አሉኝ።

ቻይው። ይህችን ቃል ስንት ሰው እንደነገረኝ! አማቴ ነገሩኝ፣ እኅቴ ነገረችኝ፣ የልምድ አዋላጇ ነገረችኝ። እነዚህ ሁሉ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹንማ አልጠየቅሁም። አገራችን ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባል ተረት አለ። ተረቱን ያወጣው ጉሮሮውን የታመመ ወንድ መሆን አለበት። ታችሽን ታመሽ እስኪ ንገሪ!

መጀመሪያ ስቀመጥ እንቁላል ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ይገባል፣ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ይወጣል፤ በጣቴ እመልሰዋለሁ። ከዓመታት በኋላ መግባቱን ተወ። ሽንቴም አልታዘዝ አለኝ፤ ሳስል ያመልጠኛል፣ ስስቅ ያመልጠኛል። ሳቅ አቆምኩ። አሮጌ ቀሚሶቼን ቀድጄ ጨርቅ አደረግኋቸው፤ መቀነቴን ሆዴ እስኪቆረጥ አጠብቃለሁ። ጨርቁን የማጥበው ከወንዙ ዝቅ ብዬ፣ ሴቶቹ ከሚቀዱበት ርቄ ነው። ሰው ቤት ስገባ አስቀድሜ የማየው የምወጣበትን በር ሆነ። ቅዳሴ ላይ ከኋላ እቆማለሁ፤ ሳይፈጸም እወጣለሁ። ሠርግ ተውኩ። ለቅሶ ቤት ደርሼ ቆሜ ነው የምመለሰው፤ «ኮራች» ተባልኩ።

ባሌን አልወቅሰውም ብዬ መጻፍ እፈልግ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። የመኝታ መደቡን ለየ። ለምን እንደለየ አልተናገረም፣ ለምን እንደለየ አልጠየቅሁትም። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ቀን ውሃ ተሸክሜ ደጃፍ ላይ ቁጭ ስል አየኝና በማግስቱ አህያዋ ላይ ሁለት ጀሪካን ጭኖ ራሱ ወረደ። ሽማግሌ ሰው ውሃ ሊቀዳ! ወንዝ ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁበት፤ «አንቱ፣ እንሥራውንስ መቼ ሊያዝሉ ነው?» ብለው። እሱም «አህያዋ ሴት ናት፤ የመጣችው እሷ ናት፤ እኔ አጅቤያት ነው» አላቸው አሉ። እስከ ዛሬ ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አላለኝም። ውሃውን ማምጣት ከጥያቄው ቀለለው።

ይሄ ሁሉ ሆኖም እሠራ ነበር። እጠምቅ ነበር፣ አርም ነበር፣ እሳደብ ነበር። የጣለኝ በሽታው አይደለም። ባዶ የቀሩት እጆቼ ናቸው።

ከማኅበሩ ተመልሼ ተኛሁ። አንድ ቀን እንደማርፍ ነበር ያሰብኩት። ኅዳር ጽዮን መጣ፤ የታኅሣሥ ተረኛዋ በኔ ወር ስትደግስ የዕልልታው ድምፅ እቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ፊቴ እዚያው ቀረ። ግድግዳው ላይ ጭቃው ተሰንጥቆ ጭዱ ብቅ ብሏል፤ እሱን ሳይ እውላለሁ። አላለቅስም፤ ለማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል። የበላሁት ሁሉ አመድ ነው። ዶሮዎቹ የተሰጣውን እህል ሲበትኑ እያየሁ እሽ አልላቸውም። እኔ! አንዲት ዶሮ ቆሎዬን ከነካች ሰፈር የምጠራው እኔ!

ከሁሉ የከፋው መቆጣት አለመቻሌ ነው። ዕድሜ ልኬን ቁጡ ነኝ። ድንበር የገፋብኝን፣ ሚዛን ያጓደለብኝን፣ ልጄን በሐሰት የከሰሰብኝን ሁሉ አደባባይ አቁሜ ነው የኖርኩት። ያኔ ግን ሙሴዋ ልትጠይቀኝ መጥታ ራስጌዬ ተቀምጣ «አይዞሽ» ስትለኝ፣ «ውጪልኝ» የምትለዋ ቃል አፌ ውስጥ ቀረች። ወይ ነበልባል የለ፣ ወይ ፍም የለ።

ከቤታችን በላይ ገደል አለ። ስለ ገደሉ ማሰብ አበዛሁ። ከዚህ በላይ ስለሱ አልጽፍም።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፤ አንዷ ዛር ነው አለች፤ ባሌም ፈርቶ ጠበል ወሰደኝ። በጠበል አምናለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ያን ቀን ግን ብርድ ነበር፤ ጠበሉ እላዬ ላይ ይወርዳል፣ አጥማቂው ጭንቅላቴን ይዞ «ማነህ? ስምህን ተናገር!» እያለ ይጮኻል። «ማህፀን ነኝ» ልል ምንም አልቀረኝም። ብል ኖሮ ነገሩ የዚያን ቀን ያልቅ ነበር።

ለጥምቀት ሴት ልጄ ከሰቆጣ መጣች። ሰቆጣ ልብስ ትሰፋለች። ቤት ገብታ ሰላም ሳትለኝ ቆመች፤ አየሩን አሸተተችው። ከዚያ የተኛሁበትን ቁርበት ስትገልጥ ከሥሩ የደበቅኋቸውን ጨርቆች አገኘች።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተይው።»

«ምንድን ነው እኮ ነው የምልሽ!»

«የሴት ነገር ነው…» አልኩና ቀጣዩን ቃል ልጨምር ስል አፌ ላይ ያዝኩት። ለልጄ ያንን ቃል ላወርሳት ነበር።

ልጄ ጨርቆቹን ይዛ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች። እኔን መሰለችኝ፤ ከወራት በኋላ ራሴን ከውጭ ያየሁ ያህል ነው። አባቷን «አንተ ስታውቅ ነው?» አለችው። አህያዋን ሊጭን ወጣ፤ የሱ መልስ ሁልጊዜ አህያዋ ናት።

በማግስቱ አህያዋን ተደግፌ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን አምደወርቅ ከተማ ደረስን፤ መቀመጡ ስለሚያመኝ ልቀመጥባት አልቻልኩም። ከዚያ ወደ ሰቆጣ በሚኒባስ። ልጄ ወንበሩ ላይ ፌስታል አነጠፈችልኝና በነጠላ ሸፈነችው። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ብርዱ እየነፈሰ መስኮት ከፈተ። ልጄ «ወንድሜ፣ ሞቀህ እንዴ?» አለችው፤ ዘጋው። ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ በባጃጅ ሄድን፤ እያንዳንዷ ድንጋይ ማህፀኔን ስትመታው ይሰማኝ ነበር።

የመረመረችኝ አዋላጅ ነርስ የልጅ ልጄን ብታህል ነው። «እናቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለችኝ። እኛ ቤት አገውኛ ነው የምንናገረው። ነገሩን በአገውኛ ብትጠይቀኝ የምናገር አይመስለኝም፤ የናቴ አፍ ነው፣ ያሳፍረኛል። አማርኛ ግን በመሠረተ ትምህርት ከፊደል ጋር የተማርኩት የቢሮ፣ የክስና የአቤቱታ ቋንቋዬ ነው። አቤቱታ ማቅረብ ዐውቅበታለሁ። ሁሉንም አልኳት።

«ይህን ይዘው ስንት ዓመት ቆዩ?»

«ከልጄ ጋር እኩያ ነው። ልጄ አግብቷል።»

«ለምን እስከ ዛሬ ሳይመጡ ቆዩ?»

ያኔ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዬ ብልጭ አለ። «ማን ነገረኝና? ላም ብትታመም ሐኪም ይጠራላታል። ለኔ ማን ይህ በሽታ ነው፣ ይታከማል አለኝ? አንቺ አሁን የትም የምታይው ነገር ነው አይደል?»

«በየሳምንቱ ነው የማየው» አለች።

«ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሴቶች የት ናቸው? የማንንም ስም አልሰማሁም!»

«እውነትዎን ነው» አለች። አልተከራከረችኝም። ሌላ ሰው «አይዞሽ» ሲለኝ ነበር የከረመው፤ እሷ «እውነትዎን ነው» አለችኝ። ከአይዞሽ እሱ ይሻላል።

ለቀዶ ሕክምና ደሜ አነሰ፣ ግፊቴ ከፍ አለ፤ ለጊዜው ማህፀኑን ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ የፕላስቲክ ቀለበት ውስጤ አስገባችልኝ። «በየሦስት ወሩ እየመጡ እናየዋለን፤ በሽታው አይጠፋም፣ አብረውት ነው የሚኖሩት» አለች። ልጄን «ባሌ ያላሰረልኝን ቀለበት መንግሥት አሰረልኝ» አልኳት። ሦስታችንም ሳቅን። ስስቅ አላመለጠኝም። ይህን ለታመመች ሴት ብቻ ነው የምጽፈው፤ ሌላው አይገባውም።

ልታሰናብተኝ ስትል ፊቴን ትኩር ብላ አየችና ወደ ሌላ ክፍል ወሰደችኝ። እዚያ ያለው ወጣት ሰው ስለ ማህፀን አልጠየቀኝም። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ ጠየቀኝ። በመጨረሻ «እናቴ፣ ብሞት ይሻላል ብለው አስበው ያውቃሉ?» አለኝ። ልጄ አጠገቤ ነበረች። ስለ ገደሉ ነገርኩት። ልጄ እጄን ያዘችኝ፤ ቀና ብዬ አላየኋትም።

«ይሄ ድባቴ ይባላል» አለ። «ስንፍና አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። እንደ ማህፀኑ ይታከማል።»

በአንድ ቀን ሁለት ስም ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ዳንኩ ብል የሚያነብቡኝን ማታለል ነው። ኪኒኑ ለብዙ ሳምንት ምንም አልሠራም፤ አፌን ብቻ አደረቀው። ልጣለው ብዬ ሁለት ጊዜ አንሥቼ ነበር። ቀለበቱ ሽታውንና እርጥበቱን ቀነሰው፣ ጨለማውን ግን አልቀነሰውም። ያ ወጣት «በቀን አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፤ ትንሽ ነገር ይሁን» ብሎኝ ነበር። ምን ላድርግ ብዬ አሰብኩ። ጸሎት እንዳልል ቃሉ ይጠፋኛል፤ ሥራ እንዳልል ጉልበቱ የለም። በመጨረሻ አንድ ነገር መረጥኩ፤ በየጠዋቱ ተነሥቼ በሙሴዋ ቤት አጥር ሥር አልፌ መመለስ። ለጤናዬ ብዬ አይደለም። እንድታየኝ ነው።

«እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች።

«ተነሥቼ» እላታለሁ፤ ሌላ አልጨምርም።

አንዳንድ ቀን አልተነሣሁም። አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አልተነሣሁም። ባሌ ያን ጊዜ ኪኒኑን በውሃ ያመጣልኛል፣ እስክውጥ ቆሞ ያየኛል፣ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ግን ብርጭቆውን ይዞ ቀረ። «አመመሽ?» አለ። «አዎ» አልኩት። «የቱ ጋ?» አለ፤ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ነው የጠየቀው። ልጮህበት ነበር። ግን ስለጠየቀ መልስ ይገባዋልና ነገርኩት። ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «እኔ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ሰው በአንድ ጣራ ሥር ይህን ያህል ሲሳሳት አይገርምም?

ሰኔ ላይ ባሌ ገብስ ሲዘራ «ጥጓን ለኔ ተዋት» አልኩት። እዚያች ጥግ ላይ የበቀለው ገብስ የኅዳር ጽዮን ነው ብዬ ወሰንኩ። ክረምቱን እየተነሣሁም እየወደቅሁም አረምኳት፤ መቀመጥ ሲያመኝ ተንበርክኬ አረምኩ። መንደሩ ይህን አያውቅም። ገብሱ ብቻ ያውቃል።

ጥቅምት ሃያ አንድ ደረሰ። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ማኅበሩ የተደገሰበት ቤት ገባሁ፣ ከታኅሣሥ ተረኛዋ ጎን ካምናው ቦታዬ ተቀመጥኩ። ተበላ፣ ተጠጣ። ቄሱ መርቀው ጨረሱ። ሙሴዋ ጽዋውን አነሣች። ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

ፊቴ ቆመች። «እህቴ፣ ዘንድሮም አንቺን ባናስቸግርሽ ብለን…»

«ተራው የማን ነው?»

«ተራውማ ያንቺ ነው፤ ግን ጤናሽ…»

«የጠየቅሁሽ ስለ ጤናዬ ነው ወይስ ስለ ተራው?»

«የንስሐ አባታችን ናቸው ትረፍ ያሉት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ወደ ቄሱ ዞርኩ። «አባ፣ ብለዋል?»

ቄሱ ዳቦአቸውን ዋጡ። «እኔን ማን ጠየቀኝ? እኔ ታማለች ሲሉ ነው የሰማሁት። ጽዋ አታንሣ አላልኩም።»

«ታዲያ አምና በኔ ወር ሌላ ሰው ስትደግስ መጥተው ባረኩ። የኅዳር ተረኛ የት ናት ብለው ምነው አልጠየቁ?»

ቄስ እንዲህ አይባልም። እሳቸው መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና «መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። ይህን በማለታቸው እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ያኔ ቆምኩ። «ምን እንደሚያመኝ በሹክሹክታ ስታወሩት ከርማችኋል፤ አሁን ከኔ ስሙት። ማህፀኔ ወርዷል። በአራስነቴ ነዶ ተሸክሜ ነው የወረደው። ሽንቴ ያመልጠኝ ነበር፤ ይሸትም ነበር። ከጥር ወዲህ ደግሞ የሐዘን በሽታ መድኃኒት እውጣለሁ፤ ድባቴ ይባላል፤ እብደት አይደለም። ሰቆጣ ሁለቱንም ያክማሉ። ይኸው ነው።»

የታኅሣሥ ተረኛዋ ደግ ልትሆን ፈልጋ «አሁንማ ምንም አትሸቺም እኮ!» አለች።

«ብሸትስ?» አልኳት። «ብሸትስ ተራው የማን ነው?»

ከበሩ አጠገብ ያሉት አሮጊቷ ማኅበርተኛችን፣ ጆሮአቸው እምብዛም የማይሰማው፣ «ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ጮኻ ነገረቻቸው፤ ማህፀን የሚለው ቃል በዚያ ቤት ሁለተኛ ጊዜ ተሰማ፤ አሁን በጩኸት። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና «እኔም ነበረብኝ። ጽዋው ግን የሷ ነው፣ ስጧት» አሉ።

ሙሴዋ ጽዋውን እጄ ላይ አኖረችው። ቀላል ነው። እንደዚያ ቀላል መሆኑን ረስቼ ነበር።

በልማዳችን ጽዋውን እስከ ተረኛዋ ደጅ የምትሸኘው ሙሴዋ ናት። ስለዚህ ብትወድም ባትወድም ከኋላዬ ዳገቱን መውጣት ነበረባት። አጋማሽ ላይ ትንፋሽዋን ሰማሁ፤ ቆመች። ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ በአንድ ጎኗ ነው የተቀመጠችው። ያንን አቀማመጥ ዐውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት የተቀመጥኩት እንደዚያ ነው።

«ያ ቀለበት» አለች ወደ ሸለቆው እያየች፣ «ያማል?»

«ለማን ነው?»

«ላንዲት ዘመዴ።»

«ዘመድሽን ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማት?»

«ከመጨረሻ ልጅዋ ወዲህ።»

የመጨረሻ ልጆቻችንን በአንድ ወር ነው የወለድነው። ያ ደመና በሷም ማሳ ላይ ነበር። እሷም አራስ ነበረች። ይህን ሁሉ ዓመት ከቤቴ ቁልቁል፣ በድንጋይ ውርወራ ርቀት፣ እሷም ጨርቅ ትቀድ ነበር።

ያዘንኩላት የሚመስላት አንባቢ ካለች ተሳስታለች። ደሜ ነው የፈላው። «ታዲያ ምን ብለሽ ነው የዘለልሽኝ?» አልኳት። «ከሰው ሁሉ አንቺ?»

«ሲያሸቱሽ» አለች፣ «እኔን የሚያሸቱኝ መሰለኝ። አንቺ ከሌለሽ የሚጠረጥረኝ የለም ብዬ ነው።»

ልተፋባት ፈለግሁ። እጄ ላይ ግን ጽዋው አለ፤ ጽዋ ይዘው አይተፉም። ቆሜ ቁጣዬ እስኪወርድ ጠበቅሁ፤ አልወረደም። እንደተቆጣሁ መለስኩላት።

«አያምም። ሲገባ ትንሽ ይከብዳል፣ ከዚያ ትረሽዋለሽ። ሰኞ የምርመራ ቀኔ ነው፤ ሰቆጣ እሄዳለሁ። ዘመድሽ አብራኝ ትሂድ። ለሚኒባሱ ፌስታል ትያዝ።»

ሰኞ ጠዋት አጥሯ ሥር ስደርስ ዘመድ አልነበረም። ራሷ ነበረች፤ ፌስታል ይዛ።

ኅዳር ጽዮን ደገስኩ። ጠላው የጥጓ ገብስ ነው፤ ያቺ የታኅሣሥ ተረኛ ሦስት ጊዜ አስቀዳች። እንግዶቹ ሁሉ መደብ ላይ ተቀመጡ። ለሙሴዋ ብቻ ከሥሯ እጥፍ ቁርበት አነጠፍኩላት። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፣ እሷም አልተናገረችም።

ይቅር አላልኳትም። ሕመሟ የራሷ ነው፤ እኔ ለሌላ ሰው አልናገርባትም። ግን ማኅበርተኞቹ ፊት፣ እኔ በቆምኩበት ቦታ ቆማ ራሷ እንድትናገር እጠብቃታለሁ። ጽዋው የሷ ቤት የሚደርሰው ግንቦት ነው። እስከዚያ እታገሣታለሁ።